ስለ ጥንት ሮማውያን ራስ ቁርና ስለ ላባ ቁንጮው

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር



 ብዙዎቻችሁ እንዲህ ባለ ቀን የሚደረግ ንግግር ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ ወጣቶች ኃላፊነት እንዲሆን ትጠብቁ ይሆናል። እኛ የመረጥነው ግን የጥንት ሮማውያን ወታደሮች በራሳቸው ላይ ይደፉት ስለ ነበረው ራስ ቁርና በላዩ ይሰካ ስለ ነበረው ላባ ነው። ይህንም የመረጥነው ለቀልድ አይደለም፤ ዕዳ ስላለብን ነው። ዕዳውም እንዲህ ነው።

ባለፈው የትንሣኤ በዓል ሰሞን የክፍላችን ተማሪዎች የጌታን ስቅለት የሚያሳይ ቴያትር በዚሁ አዳራሽ አሳይተን ነበር። ስምንት ልጆች የሮማ ወታደሮች ሆኑ። ራስ ቁራቸውንም ከካርቶን ቆርጠን፥ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ሸፍነን፥ ከኩሽና የለቀምነውን የአውራ ዶሮ ላባ በቀይ ቀለም ነክረን፥ ከጆሮ እስከ ጆሮ እንደ ማበጠሪያ ደርድረን በሙጫ አጣበቅነው። ሥራው በሁለት ሌሊት አለቀ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ ቴያትሩ ገና እኩሌታው ላይ ሳይደርስ ላባው መርገፍ ጀመረ፤ እናንተም ሳቃችሁብን።

ያሳፈረን ግን የላባው መርገፍ አይደለም። ሕዝቡ ሲወጣ፥ በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት ያገለገሉ አንድ አባት ወደ እኛ ቀርበው፥ «ልጆቼ፥ እጅግ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከስምንቱ መካከል የመቶ አለቃው የትኛው ነበር? ሁሉም አንድ ዐይነት ላባ አድርገዋልና ልለየው አልቻልሁም» አሉን። እኛም እርስ በርሳችን ተያየን። ከመካከላችን አንዱ ሳያመነታ፥ «አባባ፥ በሮማ ሠራዊት አለቃውም ጭፍራውም አንድ ዐይነት ላባ ያደርግ ነበር፤ አለቃው የሚታወቀው በድምፁ ነው» ብሎ መለሰላቸው። የቀረነውም ዝም በማለታችን የነገሩ ተካፋዮች ሆንን። እርሳቸው አመኑን፤ መርቀውንም ሄዱ። በሦስተኛው ቀን የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃቸው ያንኑ ነገር ለጓደኞቹ እንደ እውነተኛ ታሪክ ሲያስረዳ ሰማነው።

ይህን ከሰማን በኋላ ዝም ብለን ለመቀመጥ አልቻልንም። ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደን ያገኘነውን ሁሉ አነበብን፤ መምህራችንንም ጠየቅን። ዛሬ የምንነግራችሁ ከዚያ የተገኘ ነው። በዚህ ንግግር የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ራስ ቁር የሚለው ቃል ለእኛ አዲስ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት በ6ኛው ምዕራፍ የክርስቲያንን የጦር ዕቃ ሲዘረዝር ራስ ቁርን ከጋሻና ከሰይፍ ጋር ይጠራዋል። የመቶ አለቃ የሚለውም ማዕርግ በወንጌል ተደጋግሞ ይገኛል፤ በሐዋርያት ሥራ በ10ኛው ምዕራፍ የተነገረለት ቆርኔሌዎስ በቂሣርያ የነበረ የመቶ አለቃ ነው። ሮማውያን ራሳቸው ራስ ቁሩን ጋሌያ ወይም ካሲስ፥ በላዩ የሚቆመውን ቁንጮ ደግሞ ክሪስታ ይሉት ነበር። በራስ ላይ በሚደረግ ምልክት ጀግናን መለየትም በእኛ አገር የታወቀ ነው፤ አባቶቻችን የአንበሳ ጎፈር ያደረገ ሰው ሲያዩ ስለ ጀግንነቱ ሌላ ማስረጃ አይጠይቁም ነበር።

እንግዲህ ከመሬት የወጣ አንድ አሮጌ ራስ ቁር በፊታችን ቢቀመጥ የማንና የየትኛው ዘመን እንደ ሆነ በምን እናውቃለን? ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚፈልገው ላባውን ነው። ነገር ግን ላባም ሆነ የፈረስ ጭራ በመሬት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ነሐስና ብረት ግን ምንም ቢዝግ ይቆያል። ስለዚህ ምርመራው ከላባው ሳይሆን ከብረቱ ይጀምራል። አራት ክፍሎችንም በተራ መመልከት ያስፈልጋል።

አንደኛው ራስን የሚሸፍነው ጎድጓዳው ቆብ ነው፤ ከምን እንደ ተሠራ፥ ሾጣጣ ወይም ክብ እንደ ሆነ ይታያል። ሁለተኛው ከኋላ ወጣ ብሎ የተዘረጋው የማጅራት መከለያ ነው። ሦስተኛው በማጠፊያ ተንጠልጥለው በጉንጭና በጉንጭ የሚወርዱት ሁለት መከለያዎች ናቸው። እነዚህ ፊትን በሙሉ አይሸፍኑም፤ ወታደሩ ጠላቱን እንዲያይ ዐይኑን፥ እንዲተነፍስም አፉን ክፍት ይተዉለታል። አራተኛው ቁንጮው የሚሰካበት ቦታ ነው፤ ይኸውም እንቡጥ፥ ቀዳዳ፥ ቱቦ ወይም ቀለበት ሊሆን ይችላል።

እነዚህን አራቱን በማስተያየት ሊቃውንት ራስ ቁሮችን በየወገናቸው ከፍለዋቸዋል። ከነዚህም እንግሊዛዊው ራስል ሮቢንሰን በ1975 ባወጣው ስለ ሮማ መንግሥት የጦር ልብስ በሚናገረው መጽሐፍ እያንዳንዱን ወገን እንደገና በፊደል ቅደም ተከተል ከፋፍሎታል። የጀርመን ሊቃውንት ግን ሌላ ስም ይጠቀማሉ። አንዱ መጽሐፍ ኩሉስ ያለውን ሌላው ሃገናው፥ አንዱ የጋሊያ ያለውን ሌላው ቫይዘናው ሲለው ብታገኙ፥ ስሙ ሁለት ይሁን እንጂ ዕቃው አንድ መሆኑን እንድታውቁ ነው።

ከሁሉ የቆየው ወገን ሞንተፎርቲኖ ይባላል። ስሙን ያገኘው በኢጣልያ፥ በአንኮና አገር ካለ የጥንት መቃብር ነው። የተሠራው ከነሐስ ሲሆን ቅርጹ ወደ ላይ ሾጠጥ ይላል፤ የማጅራት መከለያው አጭር ነው። በአናቱ ላይ ከቆቡ ጋር አብሮ የተሠራ እንቡጥ አለ። ይህ እንቡጥ ብዙውን ጊዜ ውስጡ በእርሳስ ይሞላና በመካከሉ የቁንጮው ወስፌ የሚገባበት ቀዳዳ ይተውለታል። ሮማውያን ይህን ዐይነት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እስከ ልደት በኋላ እስከ 1ኛው መቶ ዓመት ድረስ ተጠቅመውበታል።

ሁለተኛው ወገን ኩሉስ ነው፤ ኩሉስ በፈረንሳይ አገር በማርን ክፍል ያለ ቦታ ነው። ይህም ከነሐስ የተሠራ ሲሆን ቆቡ እንደ ግማሽ ኳስ የከበበ ነው። የማጅራት መከለያው ሰፍቷል፤ በግንባሩም ላይ ከላይ የሚወርድ የሰይፍ ምት እንዲያቆም የተጨመረ ጠንካራ ጠርዝ ይታያል።

ሦስተኛው ወገን ብዙ ሰው «የሮማ ራስ ቁር» ሲባል በሐሳቡ የሚሥለው ነው። ሮማውያን በዛሬው ፈረንሳይ አገር ይኖሩ የነበሩትን ጋሎችን በወጉ ጊዜ እነዚህ ሰዎች ብልህ የብረት ሠራተኞች መሆናቸውን አዩ፤ አሠራራቸውንም ወሰዱ። ስለዚህ ይህ ወገን የጋሊያ ዐይነት ይባላል፤ አብዛኛውም ከብረት የተሠራ ነው። በግንባሩ ላይ እንደ ሰው ቅንድብ የተቀረጸ ጌጥ ስላለው አንድ ጊዜ ያየው ሰው አይረሳውም። የጆሮው ቦታ ተቆርጦ በዙሪያው ትንሽ ከለላ ተሠርቶለታል፤ ወታደሩ የአለቃውን ትእዛዝና የመለከቱን ድምፅ እንዲሰማ ነው። የማጅራት መከለያውም ሰፊና ወደ ታች የወረደ ነው። ከዚህ ጋር የሚቀራረብ የኢጣልያ ዐይነት የሚባል ሌላም አለ፤ በእርሱ ላይ ቅንድቡ የለም።

ከዚህ ቀጥሎ አንድ ምልክት አለ፤ ይህም ዘመንን ለማወቅ በጣም ይረዳል። ንጉሠ ነገሥት ትራያን ከ101 እስከ 102 እና ከ105 እስከ 106 ድረስ በዛሬዋ ሩማንያ አገር ከዳኪያ ሰዎች ጋር ተዋጋ። ዳኪያውያን እንደ ማጭድ የታጠፈ ረጅም ጎራዴ ነበራቸው፤ ይህም ከላይ ሲወርድ ቆቡን ሰንጥቆ የሚገባ ነበር። ከዚህም የተነሣ ይመስላል፥ በቆቡ አናት ላይ ሁለት የብረት ዘንጎች እንደ መስቀል ተላልፈው በችንካር ተመቱ። አስቀድመው በተሠሩ ራስ ቁሮች ላይ እንኳ ዘንጉ በኋላ ተጨምሮ ይገኛል። እንግዲህ መስቀለኛ ዘንግ ያለው ራስ ቁር ስናይ ስለዚያ ጦርነት ዘመን እናስባለን ማለት ነው።

የመጨረሻው ወገን ከ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ የታየው ነው። ይህ ከአንድ ብረት የተቀጠቀጠ ሳይሆን፥ ሁለት ግማሾች በመካከል ከፊት ወደ ኋላ በሚሄድ ጉብታ የተጋጠሙበት ነው። ከዚህ ወገን እጅግ የታወቀው በ1910 በሆላንድ አገር በዴርን ከረግረግ ውስጥ የወጣው ነው። በወርቅ በተለበጠ ብር የተሸፈነ የፈረሰኛ ራስ ቁር ሲሆን ዛሬ በላይደን ከተማ ቤተ መዘክር ይገኛል።

አሁን ወደ ላባው እንመለስ። ላባው ራሱ ከጠፋ ስለ ላባው የምናውቀው ከየት ነው? ከሦስት ምስክሮች ነው፤ ከጸሐፊዎች፥ ከድንጋይ ቅርጽና ከራስ ቁሩ ላይ ካለው ባዶ ቦታ።

ከጸሐፊዎች ቀደምትነት ያለው ፖሊቢዩስ ነው። እርሱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የኖረ ግሪካዊ ሲሆን በሮማ ብዙ ዘመን ተቀምጦ ሠራዊቱን በዐይኑ ያየ ሰው ነው። በታሪኩ በ6ኛው መጽሐፍ እንደ ጻፈው፥ ከወታደሮቹ አንዱ ክፍል በራስ ቁሩ ላይ ቀጥ ብለው የቆሙ ሦስት ላባዎች ያደርግ ነበር። ቀለማቸው ሐምራዊ ወይም ጥቁር፥ ርዝመታቸውም አንድ ክንድ ያህል ነበር። ምክንያቱንም ይነግረናል፤ ሰውዬው በጠላቱ ፊት ዕጥፍ ቁመት ያለው መስሎ እንዲታይና እንዲያስፈራ ነው። እንግዲህ የላባ የመጀመሪያው ጥቅም ማስፈራራት ነበር።

ሁለተኛው ጸሐፊ ዩልየስ ቄሳር ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ57 ዓመት ኔርቪ የሚባሉ ሕዝቦች በወንዝ ዳር ሠራዊቱን በድንገት በያዙት ጊዜ፥ ወታደሮቹ ምልክታቸውን ለመሰካት ቀርቶ ራስ ቁራቸውን ለመድፋትና ከጋሻቸው ላይ ሽፋኑን ለማውለቅ እንኳ ጊዜ እንዳላገኙ ጽፏል። ይህች አጭር ነገር ትልቅ ትምህርት ትሰጠናለች። ምልክቱ ሁልጊዜ በራስ ቁሩ ላይ ተጣብቆ የሚኖር አልነበረም፤ በሰፈር ወልቆ ይቀመጥና ሲያስፈልግ ይሰካ ነበር። እኛ በሙጫ ማጣበቃችን ስሕተት መሆኑን ያወቅነው ከዚህ ነው።

ይኸው ቄሳር ከጋሎች የመለመለው አንድ ሌጌዎን ነበር፤ አምስተኛው ሌጌዎን ይባላል። ቅጽል ስሙም አላውዴ ነበር፤ ይህ በጋሎች ቋንቋ በራሷ ላይ ቁንጮ ያላት የአንዲት ትንሽ ወፍ ስም ነው። ስሙን ያገኙት በራስ ቁራቸው ላይ ካደረጉት ቁንጮ ሳይሆን አይቀርም ይባላል።

ሦስተኛው ጸሐፊ ቬጌቲዩስ ነው። እርሱ የጻፈው የምዕራቡ መንግሥት ወደ ፍጻሜው በተቃረበበት ዘመን ሆኖ የቀደመውን ሠራዊት ሥርዓት ለማስታወስ ብሎ ነው። የመቶ አለቆች ራስ ቁር ቁንጮው በአግድም የተሰካ እንደ ነበር፥ ይህም ወታደሮቻቸው በቶሎ እንዲለዩዋቸው እንደ ሆነ ይናገራል። እነሆ፥ የእኚያ አባት ጥያቄ መልስ!

ነገር ግን አንድ ሰው «ቬጌቲዩስ ዘመኑ ካለፈ በኋላ የጻፈ ስለ ሆነ ምስክርነቱ ይታመናልን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። እኛም ጠይቀናል። መልሱ የተገኘው ከድንጋይ ነው። በኦስትሪያ አገር በዳኑብ ወንዝ አጠገብ፥ ካርኑንቱም በሚባለው የሮማ ጦር ሰፈር፥ የአሥራ አምስተኛው ሌጌዎን የመቶ አለቃ የነበረው የቲቶስ ካሊዲዩስ ሴቬሩስ የመቃብር ድንጋይ አለ። በላዩ ላይ ሰውዬው 34 ዓመት አገልግሎ በ58 ዓመቱ እንደ ሞተ ተጽፏል። ከጽሕፈቱ ጋር የጦር ልብሱ፥ የቅልጥሙ መከለያ፥ የአለቅነቱ ምልክት የሆነው የወይን በትርና ራስ ቁሩ ተቀርጸዋል፤ በራስ ቁሩ ላይ ያለው ቁንጮም በአግድም፥ ከጆሮ ወደ ጆሮ የቆመ ነው። በስሎቬንያ አገር በፕቱይ በተገኘው የስምንተኛው ሌጌዎን የመቶ አለቃ የማርቆስ ፔትሮኒዩስ ክላሲኩስ ድንጋይ ላይም እንዲሁ ያለ ቁንጮ ይታያል። ሁለቱም ድንጋዮች የቆሙት ከቬጌቲዩስ ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ነው። መጽሐፉና ድንጋዩ ሳይመካከሩ አንድ ቃል ሲናገሩ ነገሩ የጸና ይሆናል።

ሦስተኛው ምስክር ባዶው ቦታ ነው። በአናቱ ላይ እንቡጥና ቀዳዳ ካለ ከላይ የሚሰካ ቁንጮ ነበረው። በቆቡ አናት ላይ ስንጥቅ ያለበት ጠፍጣፋ ብረት ካለ፥ የቁንጮው እግር ወደ ውስጥ ገብቶ እንደ ቁልፍ ይዞር ነበር፤ ይህ በኢጣልያው ዐይነት ላይ የተለመደ ነው። በጋሊያው ዐይነት ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ እግሩ ወደ ጎን ተንሸራቶ የሚገባበት ማቀፊያ ይገኛል። ከፊትና ከኋላ ማንጠልጠያ ወይም ቀለበት ካለ፥ የፈረስ ጭራ የተተከለበት ቁንጮ ከፊት ወደ ኋላ ተዘርግቶ ይታሰር ነበር። በጎንና በጎን፥ ከጆሮ ከፍ ብሎ፥ የጣት ወፍራምነት የሌላቸው ትናንሽ ቱቦዎች ካሉ ደግሞ በውስጣቸው ላባ ይቆም ነበር። ላባው ጠፍቶ ቀዳዳው ቀረ፤ ላባውን ለማወቅ የሚወድ ሰው ቀዳዳውን ይመልከት።

ፈረሰኞችም የራሳቸው ነገር ነበራቸው። በንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ዘመን የቀጰዶቅያ አገረ ገዥ የነበረው አሪያን በ136 ገደማ እንደ ጻፈው፥ ፈረሰኞች በጨዋታና በትርኢት ቀን ፊትን ጭምር የሚሸፍን ያጌጠ ራስ ቁር ያደርጉ ነበር፤ በላዩም ቢጫ ቁንጮ ይንጠለጠል ነበር። ይህም ለጦርነት ሳይሆን ለውበት እንደ ነበረ አሪያን ራሱ ይናገራል። እንዲህ ያለ የፊት ጭንብል ያለው አንድ የነሐስ ራስ ቁር በ1796 በእንግሊዝ አገር በሪብቸስተር መንደር ተገኘ፤ ያገኘውም ሊቅ አይደለም፥ በመጫወት ላይ የነበረ የጫማ ሠሪ ልጅ ነው። ዛሬ በሎንዶን በብሪታንያ ቤተ መዘክር ተቀምጧል። ታናናሾቻችን ሆይ፥ ስትጫወቱም ቢሆን ዐይናችሁን ክፈቱ!

በዚህ ምርመራ ላይ የሚያሳስቱ ነገሮችም አሉ። የመጀመሪያው ሲኒማ ነው። በሲኒማ የሮማ ወታደር ሁሉ ቀይ ቁንጮ ተክሎ ይዋጋል። ነገር ግን በ113 በሮማ ከተማ በቆመው፥ ቁመቱም 30 ሜትር ያህል በሆነው በትራያን ዐምድ ላይ የተቀረጹትን ወታደሮች ብንመለከት፥ በውጊያ መካከል ያሉት ቁንጮ የላቸውም፤ በመንገድ የሚጓዙትም ራስ ቁራቸውን በደረታቸው አንጠልጥለው ይታያሉ።

ሁለተኛው ቅርጻ ቅርጹ ራሱ ነው። በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር የሚታየው የንጉሠ ነገሥቱ ዘበኞች የተቀረጹበት እብነ በረድ ባማረ ቁንጮው የታወቀ ነው፤ በብዙ መጻሕፍትም ታትሟል። ነገር ግን ከራሶቹ አንዳንዶቹ ድንጋዩ ከተሰበረ በኋላ በቅርብ ዘመን ጠጋኞች የተሠሩ ናቸው። ቀራጺዎችም ሥራቸው እንዲያምር የጥንት ግሪኮችን ራስ ቁር መምሰል ይወዱ ነበር። ስለዚህ ሥዕል ያየ ሰው ሁሉ ዕቃውን አየ ማለት አይደለም።

ሦስተኛው የራሳችን ምኞት ነው። በሰሜን እንግሊዝ፥ ቪንዶላንዳ በሚባለው የሮማ ምሽግ፥ ረጅም ፀጉር በሚመስል የእርጥብ መሬት ሣር የተጎነጎነ አንድ ነገር ከመሬት ወጣ። አንዱ የሴት ሰው ሠራሽ ፀጉር ነው አለ፤ ሌላው የራስ ቁር ቁንጮ ነው አለ፤ ሌላውም ከትንኝ የሚከላከል የራስ መሸፈኛ ነው አለ። ሊቃውንት አንድ ነገር በእጃቸው ይዘው እንዲህ ሲከራከሩ፥ እኛ ምንም ነገር ሳንይዝ በአንድ ትንፋሽ መልስ መስጠታችን ምን ያህል ድፍረት እንደ ነበረ አስቡት።

ንግግራችንን ከመጨረሳችን በፊት ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካውን አንድ ራስ ቁር እንነግራችኋለን። ይህ በ1ኛው መቶ ዓመት የተሠራ፥ በብሪታንያ ቤተ መዘክር የሚገኝ የነሐስ ራስ ቁር ነው። በማጅራት መከለያው ላይ በነጥብ በነጥብ የተመቱ የአራት ወታደሮች ስሞች አሉበት። አራቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው እየተቀባበሉ ደፍተውታል ማለት ነው። የሮማ ወታደር የመሣሪያው ዋጋ ከደመወዙ ላይ ይቀነስበት ነበርና ስሙን የሚጽፈው እንዳይጠፋበት ነው፤ እኛ በደብተራችን ሽፋን ላይ ስማችንን እንደምንጽፍ መሆኑ ነው። ከእነዚህ ሰዎች ማናቸውም ንጉሥ ወይም የጦር አበጋዝ አልነበረም። ታሪካቸውን የጻፈ የለም። ላባቸው በስብሷል፤ ሰይፋቸው የት እንደ ወደቀ አይታወቅም። ስማቸው ግን በማጅራታቸው ላይ ከነበረው ነሐስ ጋር እስከ ዛሬ ድረስ ቆይቷል። እንግዲህ አንድን ራስ ቁር በትክክል መለየት ማለት ስለ ብረት ማወቅ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ የነበረውን ሰው እንደ ነበረ ማስታወስ ነው። ያልነበረውን ላባ ብንሰካበት ያንን ሰው በሌላ ሰው እንለውጠዋለን።

በዚህ ምክንያት የቴያትሩን ራስ ቁሮች እንደገና ሠርተናቸዋል። ሰባቱ ያለ ላባ ናቸው፤ ቆባቸው ክብ፥ የማጅራትና የጉንጭ መከለያቸው በልኩ የተቆረጠ ነው። በስምንተኛው ላይ ብቻ በአግድም የሚቆም ቁንጮ አለ፤ እርሱም በሙጫ የተጣበቀ ሳይሆን የሚሰካና የሚወልቅ ነው። በጌታ ዘመን በይሁዳ በአገረ ገዥው ሥር የነበረው ጭፍራ ሌጌዎን ሳይሆን ረዳት ጦር ነበር፤ የአግድም ቁንጮው ማስረጃ ግን የተገኘው ከሌጌዎን መቶ አለቆች መቃብር ነው። ስለዚህ ቁንጮውን ያደረግነው ተመልካች አለቃውን እንዲለይ ብለን መሆኑን በአጠገቡ ባለው ወረቀት ላይ ጽፈናል። ስምንቱም በቤተ መጻሕፍታችን ስለ ተቀመጡ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ልታዩአቸው ትችላላችሁ።

እኚያ የጠየቁን አባት ዛሬም በመካከላችን ተቀምጠው እናያቸዋለን። አባታችን ሆይ፥ የዚያን ቀን የመለስንልዎ መልስ ሐሰት ነበር። የመቶ አለቃው በድምፁ ብቻ አይታወቅም ነበር፤ በቁንጮው ይለይ ነበር። እርስዎ በወታደር ዐይን አይተው ትክክለኛውን ነገር ጠየቁ፤ እኛ ግን «አላወቅንም» ለማለት አፈርን። ስለዚህ ይቅርታ እንለምናለን። ልጅዎም ለጓደኞቹ የነገረውን ከእኛ ሰምቶ ነውና ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእርሱ አይደለም።

እናንተም ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ እኛ በዚህ ዓመት ከዚህ ትምህርት ቤት እንወጣለን፤ እናንተ ግን ትቀራላችሁ። ነገ አንድ ሰው የማታውቁትን ነገር ሲጠይቃችሁ «አላውቅም፤ ነገር ግን መርምሬ እነግርዎታለሁ» ብላችሁ መልሱ። ይህ ቃል ማንንም አያዋርድም። ቃሉንም ለመፈጸም ሂዱና መርምሩ፤ ባወቃችሁም ጊዜ ተመልሳችሁ ለጠየቃችሁ ሰው ንገሩት። እኛ ይህን ለማድረግ ዘግይተናል፤ እናንተ አትዘግዩ።